የመስመሩ መስፋትና የፕሮግራሙ መክበድ

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ምድር ለሕዝብ መሰጠት ከጀመረበት ከ1989 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ ዛሬ ያለውን ዘመን መለስ ብሎ ለሚመለከት ሰው፣ ነገሩ ሁሉ የመስፋትና የመርከስ ታሪክ ሆኖ ይታየዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጥቂት መሥሪያ ቤቶችና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጠረጴዛ ላይ ብቻ ይገኝ የነበረው ያ ቀጭን መስመር፣ ዛሬ በተማሪው፣ በባለ ሱቁና በሾፌሩ ኪስ ገብቷልና። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፉን በ43 በመቶ ዝቅ አደረገ፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ሥራውን ጀመረ፤ በዚያው ወር ለሁለተኛው ኦፕሬተር ፈቃድ ተሰጥቶ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ከፈተ። ስለዚህ የአገራችንን የመገናኛ ነገር የሚያትት ጸሐፊ፣ መስመሩ ሰፋ፣ ዋጋው ቀነሰ፣ ሕዝቡ ተገናኘ ብሎ ቢጽፍ ከእውነት አልወጣም።

ነገር ግን የዕለት እንጀራውን ፕሮግራም በመጻፍ የሚያገኝ ሰው፣ ከዚህ ታሪክ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ታሪክ መኖሩን በየቀኑ ያያል፤ ይኸውም በመስመሩ ላይ የሚጓዘው ጭነት እየከበደ፣ ሕዝቡ ያገኘውን ስፋት ገና ሳይጠግበው እየበላበት መሄዱ ነው። የድረ ገጾችን ክብደት በየጊዜው እየመዘነ የሚመዘግበው ኤችቲቲፒ አርካይቭ የተባለ ፕሮጀክት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በኮምፒዩተር የሚከፈት መካከለኛ ድረ ገጽ ከ500 ኪሎባይት በታች ሆኖ አግኝቶት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲመዝነው ግን ከ2,500 ኪሎባይት በላይ ሆኗል። ለስልክ የሚላከውም ገጽ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ወደ 2,300 ኪሎባይት ተጠግቷል። ገጹ አምስት እጥፍ ሲከብድ፣ በገጹ ላይ የሚነበበው ዜና ግን አምስት እጥፍ አልረዘመም፣ አምስት እጥፍም አልጠለቀም።

እኔ የፕሮግራም መክበድ የፍትሕ ጉዳይ ነው እላለሁ። የክብደቱን ምቾት የሚያገኘው ፕሮግራሙን የጻፈውና ያጻፈው ወገን ሆኖ ሳለ፣ የክብደቱን ዋጋ በካርድ፣ በጥቅልና በጊዜው የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው፣ ይልቁንም ከሁሉ ይልቅ አቅም ያነሰው ሰው ነውና።

ነገሩን በሚጨበጥ ልክ ለማየት ያህል የአማርኛን ጽሑፍ እንመዝን። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ሆሄያችን በዓለም አቀፉ መዝገብ የራሱ ቁጥር አለው፤ ይህ ቁጥር ድረ ገጾች በሚጻፉበት በዩቲኤፍ 8 ሥርዓት ሲቀመጥ፣ የላቲን ሆሄ አንድ ባይት ሲወስድ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ባይት ይወስዳል። ‹ሰላም› የሚለው ቃል በፊደላችን 9 ባይት ነው፤ በላቲን ሆሄያት ሲጻፍ በአምስት ሆሄ 5 ባይት ይሆናል። ከዚህ ተነሥተው ፊደላችን ለኮምፒዩተር ይከብዳል የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉ፤ ሲመረመር ግን ክሱ አይጸናም። አስቀድሞ ነገር፣ አንዱ የግዕዝ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ የሆሄያቱ ቁጥር ያንሳል። ደግሞም የዋናዎቹ ሆሄያት ሁሉ የመጀመሪያ ባይት ከ‹ሀ› እስከ ‹ፐ› አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ሰርቨሮች ጽሑፍን አጥብበው የሚልኩበት ጂዚፕ የተባለው ስልት ይህን ድግግሞሽ በቀላሉ ያስወግደዋል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ጽሑፍ በማንኛውም ቋንቋ ቢሆን ቀላል ነገር ነው። በአንድ ገጽ 1,500 ሆሄ የያዘ ባለ 300 ገጽ ልብ ወለድ 450,000 ሆሄ አለው፤ ይህ በሦስት ሲባዛ 1,350,000 ባይት፣ ማለትም ከአንድ ሜጋባይት ተኩል ያነሰ ይሆናል። እንግዲህ ባለ አምስት አንቀጽ ዜና ለማንበብ የሚከፈተው መካከለኛ ድረ ገጽ ከአንድ ሙሉ ልብ ወለድ መጽሐፍ ይከብዳል፤ አንባቢው የፈለገው ጽሑፍ ራሱ ከጠቅላላው ጭነት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

የቀረው ምን ይሆን? አንድ ሰው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ስልኩ ከአራተኛው ትውልድ ወደ ሁለተኛው ትውልድ ኔትዎርክ ወርዶበት ሳለ፣ አንድ የዜና ገጽ ነካ ቢያደርግ የሚሆነውን በቅደም ተከተል እንከተል። ስልኩ በመጀመሪያ የገጹን ሰርቨር አድራሻ ይጠይቃል፤ አድራሻው ሲመጣለት ከሰርቨሩ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ቀጥሎ በምስጢር ቁልፍ ይስማማል። እያንዳንዱ ጥያቄና መልስ አንድ ምልልስ ነው። ሰርቨሩ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ የሚገኝ ከሆነ፣ የባሕር በር የሌላት አገራችን መልእክቷን በጎረቤቶቿ ምድር አሳልፋ ወደ ባሕር ገመዶች ማድረስ ስላለባት፣ አንዱ ምልልስ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ቢፈጅ የሚያስገርም አይደለም፤ ስለዚህ አንድም ሆሄ ሳይደርስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ አልፏል። ይህን ያህል ብቻ ቢሆን ማን ያማርር ነበር? የመጣው ገጽ ግን ገና ማዘዣ ነው፤ ይህን ፎንት ከዚያ አምጣ፣ ይህን የፕሮግራም ክፍል ከወዲያ አምጣ፣ ይህን ማስታወቂያ ከሌላ ጠይቅ፣ አንባቢው ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ለእነዚህ ኩባንያዎች አስታውቅ እያለ ስልኩን ወደ ብዙ ባዕዳን ሰርቨሮች ይሰድደዋል፤ ከእያንዳንዱም ጋር ያው የአድራሻ፣ የሰላምታና የቁልፍ ምልልስ እንደ አዲስ ይጀመራል። በካሜራ ተነሥቶ መጠኑ ሳይቀነስ የተጫነ፣ ወርዱ 4,000 ነጥብ የሆነ ፎቶግራፍ፣ ወርዱ 720 ነጥብ በሆነ የስልክ መስታወት ላይ ሊታይ ይወርዳል። መስመሩ በሰከንድ 100 ኪሎቢት የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ይህ 2,300 ኪሎባይት ጭነት ተጠቃልሎ እስኪገባ ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከገባም በኋላ ነገሩ አላበቃም፤ የወረደውን የጃቫስክሪፕት ፕሮግራም አንብቦ፣ ተርጕሞ የሚሠራው የስልኩ አንጎል ነውና፣ ይህ በሚሆንበት ጊዜ መስታወቱ ይደነዝዛል፣ ጣት ቢነካው አይመልስም፣ ስልኩም በእጅ ውስጥ ይግላል።

ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ይህን አላየም። እርሱ ሥራውን የፈተነው በቢሮ ዋይፋይ፣ በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ ገጹ ከዓይን ጥቅሻ በፊት ተከፍቶለታል። ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን አለማየት ከበደል ነጻ አያደርግም፤ ማየት የሚቻል ነገር ሆኖ ሳለ አለማየት በሙያችን ውስጥ ትልቁ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ።

ፓስካል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ያበጁትና እ.ኤ.አ. በ1984 የቱሪንግን ሽልማት የተቀበሉት ስዊዘርላንዳዊው ሊቅ ኒክላውስ ቪርት፣ ይህን አካሄድ ገና ድሮ ተገንዝበው እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ቀጭን ሶፍትዌር የሚማጠን ጽሑፍ አሳትመው ነበር። ቪርት ያሉት፣ መሣሪያው ከሚፈጥንበት ይልቅ ሶፍትዌሩ የሚዘገይበት ፍጥነት ይበልጣል ነው፤ ሐሳቡም በስማቸው ሕግ ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል። በዚያው ጽሑፍ፣ ከሃያ አምስት ዓመት አስቀድሞ አንድ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም በ8,000 ባይት ይሠራ እንደነበር አስታውሰዋል። 8,000 ባይት ማለት ከላይ ያነሣነው ባለ አምስት አንቀጽ የአማርኛ ዜና ብቻውን የሚይዘው ቦታ ነው። ሊቁ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ባረፉ ጊዜ ብዙ የሙያው ሰዎች በአክብሮት አስታወሷቸው፤ ምክራቸውን በሥራ ያዋሉት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ለዚህ ምክንያት የሚሰጠው፣ የመሣሪያ ዋጋ ስለረከሰና የፕሮግራመር ጊዜ ስለተወደደ፣ የመሣሪያውን ኀይል አባክኖ የሰውየውን ጊዜ ማትረፍ ይሻላል የሚል ነው። ሐሳቡ መሣሪያው በኩባንያው ግቢ በነበረበት ዘመን እውነት ነበረ፤ አባካኙና ከፋዩ አንድ ነበሩና። ዛሬ ግን ፕሮግራሙ የሚሠራው በሌላ ሰው ስልክ፣ በሌላ ሰው ባትሪ፣ በሌላ ሰው ዳታ ነው። ፕሮግራመሩ ያተረፈው አንድ ሰዓት አንድ ጊዜ የተረፈ ነው፤ ተጠቃሚው የሚያጣው ግን ገጹ በተከፈተ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ ሰው እጅ የሚደጋገም ነው። አንድ ሜጋባይት ትርፍ ጭነት ያለበትን ገጽ 100,000 ሰው በቀን አንድ አንድ ጊዜ ቢከፍተው፣ ወደ 100 ጊጋባይት የሚጠጋ የሕዝብ ዳታ በየቀኑ ያለ ጥቅም ይፈስሳል። በአንድ ባንክ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት የወጪ መዝገብ ላይ ይህ ወጪ አይጻፍም፤ ከመቶ ሺህ ሰው ኪስ በሳንቲም በሳንቲም ተለቅሞ የሚወጣ ስለሆነ ማንም አይቈጥረውም።

አንድ አብነት ላምጣ። ኢትዮጵያዊ ፕሮግራመር በአፑ ላይ ቀኑን በራሳችን ዘመን አቈጣጠር ማሳየት ይፈልጋል፤ ለዚህም ሌሎች የጻፉትን፣ ላይብረሪ የሚባለውን ዝግጁ የፕሮግራም ክፍል ፈልጎ ይጭናል፤ ላይብረሪው ሌላ ላይብረሪ ይስባል፣ ያም ሌላውን ይጠራል፤ በመጨረሻ አንዲት ቀን ለማሳየት በመቶ የሚቈጠር ኪሎባይት ወደ ተጠቃሚው ስልክ ይወርዳል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን ይህንን ስሌት ያለ ወረቀት በቃላቸው ይሠሩታል፤ ዐሥራ ሁለቱ ወራት ሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ ጳጉሜን አምስት፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ናት፤ ይህ በፕሮግራም ሲጻፍ ጥቂት መስመር ነው። ደግሞም የዛሬዎቹ የኢንተርኔት ማሰሻዎች የኢትዮጵያን ዘመን አቈጣጠር በውስጣቸው ይዘው ስለሚመጡ፣ ፕሮግራመሩ አንዲት ትእዛዝ ብቻ ቢጽፍ ስልኩ ራሱ አስልቶ ያሳየዋል። አስቀድሞ በተጠቃሚው እጅ ያለውን ነገር ከባሕር ማዶ አስመጥቶ ዋጋውን ማስከፈል በየዕለቱ የሚደረግ ነገር ነው።

በአገራችን ትውፊት የቦታ ቍጠባ የጥበብ መለኪያ እንደነበር ማስታወስም ይገባል። ብራና ውድ ነበረ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ግን ሰፊ ነበረ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሩት ተብሎ በትውፊት የሚነገርለት የድጓው የዜማ ምልክት፣ ሊቃውንቱ በቃል የሚያውቁትን ረጅም የዜማ ስልት ከስልቱ መነሻ ቃል በተወሰደች አንዲት ወይም ሁለት ደቃቅ ሆሄ ይወክለዋል፤ ደብተራው ያችን ሆሄ ከመስመሩ በላይ ባየ ጊዜ ሙሉው ስልት ትዝ ይለዋል። ዛሬ በሙያችን መዝገበ ቃላትን መሠረት ያደረገ ማጥበብ የምንለው ስልት ይኸው ነው፤ ላኪውና ተቀባዩ የጋራ እውቀት ካላቸው፣ የሚላከው ነገር ምልክቱ ብቻ ይሆናል። የድጓ ተማሪ ይህንን ስልት በልጅነቱ ይማረዋል፤ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተመራቂዎቻችን ግን ለሚጽፉት ገጽ ስንት ኪሎባይት እንደሚበቃ ሲጠየቁ ጥያቄው ራሱ እንግዳ ይሆንባቸዋል።

የክብደቱ ጉዳት በዳታ ላይ አያበቃም፤ ዕቃውንም ይገድላል። በመርካቶና በየክፍለ ሀገሩ የስልክ ጠጋኞች ዘንድ ሄዶ ለሚጠይቅ ሰው፣ ከሚመጡት ስልኮች ብዙዎቹ ያልተሰበሩ፣ ያልተቃጠሉ፣ ነገር ግን ‹ሞላ›፣ ‹ተንቀራፈፈ›፣ ‹አፑን አልቀበል አለ› የሚባሉ መሆናቸውን ይሰማል። መሣሪያው እንደ ተገዛበት ቀን ደኅና ነው፤ የከበደው በላዩ የሚጫነው ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አንድሮይድ ጎ የተባለውን ቀለል ያለ ሥርዓት ለዝቅተኛ ስልኮች ባስተዋወቀ ጊዜ፣ አንድ ጊጋባይት ወይም ከዚያ ያነሰ ራም ላላቸው ስልኮች የታሰበ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አንድሮይድ 13 ጎ ግን ቢያንስ ሁለት ጊጋባይት ይጠይቃል። ለድኻው ተብሎ የተሠራው ሥርዓት ራሱ በአምስት ዓመት ውስጥ እጥፍ ከበደ።

በኮምፒዩተርም በኩል እንዲሁ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የጥበቃ ማሻሻያ አቁሟል፤ ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የጥበቃ ክፍል የሌላቸውን ኮምፒዩተሮች በሕጉ አይቀበልም። በአገራችን ከውጭ በመጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች የሚሠራው ብዙ ነውና ይህ ውሳኔ ለብዙ ትምህርት ቤትና ለብዙ ትንንሽ ቢሮዎች፣ ሥራውን በሚገባ የሚሠራ ኮምፒዩተር ይዘው ያለ ጥበቃ መቅረት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ላለው ሁሉ የምመክረው፣ ከመጣሉ በፊት ሊነክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት እንዲጭንበት ነው፤ ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ ሠንጠረዥና ለኢንተርኔት ከበቂ በላይ ይሆናል፣ የግዕዝ ፊደልንም ይጽፋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ አንሥቶ ስልኮች ሁሉ አንድ ዓይነት የቻርጀር ቀዳዳ እንዲኖራቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2027 መጀመሪያም ባትሪያቸውን ባለቤቱ ራሱ ሊቀይረው እንዲችል በሕግ አዝዟል። ሕጉ የእኛ ባይሆንም ፋብሪካው ለአንድ አህጉር ብቻ ለይቶ ማምረት ስለሚከብደው በረከቱ ለእኛም ይደርሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የሶፍትዌርን ክብደት የሚገድብ ሕግ ግን እስከ ዛሬ በማንም አገር አላየሁም።

ቀላል አድርጎ መሥራት የማይቻል ነው ለሚሉ መልሱ በእጃችን ያለ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 ለደካማ መስመርና ለርካሽ ስልክ ያወጣው ፌስቡክ ላይት ሲጀመር ክብደቱ ከአንድ ሜጋባይት በታች ነበረ፤ እንግዲህ ያ ኩባንያ ቀላል መሥራት ያውቅበታል፣ የሚሠራው ግን ሲያስፈልገው ብቻ ነው። ኦፔራ ሚኒ ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ አጥብቦ ለስልኩ ስለሚልክ፣ ስንቱን የአገራችንን ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር አስተዋውቋል። ቴሌግራም በኢትዮጵያ ይህን ያህል ሥር የሰደደው፣ መስመሩ ሲቆራረጥ የጀመረውን ካቆመበት እየቀጠለ፣ መጽሐፉንም ትምህርቱንም በፋይል ስለሚያደርስ ይመስለኛል፤ ተማሪው በርካሽ የሌሊት ጥቅል አውርዶ ቀን ያለ ዳታ ያነብበዋል።

ከሁሉ የሚልቀው ምስክር ግን ኮከብ 127 መሰላል ብሎ የሚጀመረው የቴሌብር መንገድ ነው። ይህ ዩኤስኤስዲ የሚባለው ስልት ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል፣ ዳታ አይጠይቅም፣ አፕ አይጫንለትም፤ በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው ጽሑፍ ከ182 የላቲን ሆሄ አይበልጥም። በዚህች ጠባብ ቦታ ገንዘብ ይላካል፣ ካርድ ይሞላል፣ ሒሳብ ይታያል። ፕሮግራመሩ ሌላ ቦታ ስለሌለው፣ አስፈላጊውን ካላስፈላጊው እንዲለይ ተገድዷል፤ ያም መለየት የሙያችን ዋና ጥበብ ነው። ያንኑ አገልግሎት በስማርት ስልክ አፕ ለማግኘት በአሥር የሚቈጠር ሜጋባይት ማውረድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ስለ አጭር የጽሑፍ መልእክት አንድ ነገር ማለት ይገባል። የሞባይል ስልክን ሥርዓት ያወጡት አውሮፓውያን መልእክቱን 160 ሆሄ አድርገው ሲወስኑ በዓይነ ኅሊናቸው የነበረው የራሳቸው ፊደል ነው፤ በመልእክቱ ውስጥ አንዲት የግዕዝ ሆሄ ከገባች ጠቅላላው ልክ ወደ 70 ይወርዳል፣ ከአንድ መልእክት ካለፈም ለእያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በአማርኛ ለደንበኛው ሊጽፍ የሚፈልግ ተቋም ብዙ ጊዜ ለአንድ መልእክት የሁለት ዋጋ ይከፍላል፤ በእንግሊዝኛ መላክ ይረክስለታል፤ በገጠር ያለው ደንበኛ ግን የደረሰውን የባንክ መልእክት የሚያነብብለት ሰው ይፈልጋል። ሥርዓት አውጪው ያላሰበው ሰው ዋጋውን እንደሚከፍል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም። ዛሬ እኛ በተራችን ሥርዓት አውጪዎች ሆነናል፤ እኛስ ያላሰብነው ማንን ነው?

ያላሰብነው ብዬ ከምጠራቸው ነገሮች አንዱ የመስመሩ መቋረጥ ነው። በሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል በቈየ ጊዜ፣ ከኢንተርኔት ጋር በየደቂቃው ካልተነጋገሩ የማይከፈቱ ፕሮግራሞች ሁሉ ባዶ መስታወት ሆኑ። ያን የመሰለ ዘመን ባይመጣም፣ መብራት ሲጠፋ፣ ገመድ ሲቆረጥ፣ ኔትዎርክ ሲጨናነቅ መቋረጡ የዕለት ነገር ነው። በባንክ መስኮት ‹ሲስተም የለም› ተብሎ ወረፋው ሁሉ የሚበተንበት ቀን ብዙ ነው፤ ያንን የሰማ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በቴሌ ላይ ያደርገዋል፤ ነገር ግን መስመር ሲጠፋ የሚሞት ፕሮግራም የጻፍነው እኛ ነን። ቅጽ የሚሞላ ተገልጋይ ዐሥራ አምስት ጥያቄ መልሶ ‹ላክ› ሲል መስመሩ ቢጠፋ፣ የጻፈው ሁሉ ጠፍቶ ከአንድ እንዲጀምር የሚያደርግ ገጽ በቸልተኝነት የተጻፈ ገጽ ነው። መልሶቹን በስልኩ ውስጥ አስቀምጦ፣ መስመር ሲመለስ ራሱ እንዲልክ ማድረግ ከባድ ጥበብ አይጠይቅም።

በሌላ ወገን የሚነገረውን ጨርሶ አልክድም። የምስጢር ቁልፉ ምልልስ ጊዜ ቢወስድም የሰዎችን ገንዘብና ገመና ይጠብቃልና ሊቀነስ የሚገባው ጭነት አይደለም። ሌሎች በጻፏቸው ክፍሎች መሥራትም ሁለት ወጣቶች በአንድ ጠባብ ክፍል ተቀምጠው ትልቅ ኩባንያ ይሠራው የነበረውን እንዲሠሩ አስችሏቸዋል፤ ይህ ለአገራችን ወጣት ትልቅ ጸጋ ነው። ሥዕልም፣ ድምፅም፣ ፊልምም ማንበብ ለማይችለው ወገናችን ከጽሑፍ የበለጠ ይጠቅማሉ። የምቃወመው ለተጠቃሚው ሳይጠቅም የሚከብደውን ነው፤ ይኸውም ሰላይ የማስታወቂያ ክፍሎችን፣ ያልተጠየቀ ራሱን የሚከፍት ፊልምን፣ መጠኑ ያልተቀነሰ ፎቶግራፍን፣ ለአንድ ተግባር የተጎተተ ሙሉ ላይብረሪን። እነዚህ ቢነሡ ከአንባቢው የሚጎድልበት አንዳች ነገር የለም።

ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል የሚለው ሐሳብ አያጽናናኝም። ተጠቃሚው አማራጭ ባለበት ነገር ላይ ቀላሉን መርጦ ከባዱን ይተዋል፤ የመታወቂያ፣ የግብር፣ የፈተና ውጤት፣ የትምህርት ቤት ምዝገባና የባንክ ሒሳብ ገጽ ላይ ግን ምን አማራጭ አለው? ውጤቱን ለማየት የሚፈልግ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ገጹ ቢከብድም ባይከብድም ካርድ ሞልቶ ይከፍተዋል፣ ካልተከፈተለትም ደግሞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ እያንዳንዱ ሙከራም ያስከፍለዋል። አገልግሎቶች ሁሉ ከወረቀት ወደ ስልክ በሚሻገሩበት በዚህ ዘመን ክብደቱ ግዴታ የሆነ ቀረጥ ይሆናል፤ ያውም ድኻው ከባለጸጋው አብልጦ የሚከፍለው ቀረጥ፣ ስልኩ አሮጌ፣ መስመሩም ደካማ የሆነው እርሱ ነውና።

ስለዚህ ልመናዬ ሶፍትዌር ለሚያጽፉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ሕንፃ ስታሠሩ የብረቱን ውፍረትና የሲሚንቶውን ዓይነት በጨረታ ሰነዳችሁ ላይ ትጽፋላችሁ፤ ድረ ገጽና አፕ ስታሠሩም ክብደቱን ጻፉ። ገጹ መጀመሪያ ሲከፈት ከ300 ኪሎባይት እንዳያልፍ፣ ጽሑፉ ከሥዕሉ ቀድሞ እንዲታይ፣ ፎንቱ በስልኩ ውስጥ ያለው እንዲሆን፣ የተሞላ ቅጽ መስመር ሲቋረጥ እንዳይጠፋ፣ ዋናው አገልግሎት በዩኤስኤስዲም እንዲገኝ፣ ርክክቡም ከመፈጸሙ በፊት ሥራው ሁለት ጊጋባይት ራም ባለው ስልክ፣ በሁለተኛው ትውልድ ኔትዎርክ ላይ በእናንተው ፊት እንዲፈተን አዝዙ። ይህን የማያሟላ ሥራ አትረከቡ፣ ክፍያውንም አትፈጽሙ።